የቀጥቃጩ ድፎ ዳቦ

እኔ የቡሬ ሰው ነኝ፤ ሥራዬ ብየዳ ነው። በር፣ መስኮት፣ የአጥር ብረት፣ አንዳንዴም የተሰበረ የባጃጅ ወንበር እበይዳለሁ። አያቴ ማረሻ ይሠራ ነበር፤ አባቴ ማጭድና መጥረቢያ። እኔ ዘንድ ሲደርስ ወናፉ ቀርቶ ማሽን መጣ። ስማችን ግን አልተለወጠም። ፊት ለፊት «ኢንጂነር» እያሉ የሚያሞግሱኝ ደንበኞቼ ዞር ስል «ቀጥቃጭ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ይህ ቃል ምን ያህል እንደሚያቃጥል የማታውቁ አንባቢዎች ካላችሁ እድለኞች ናችሁ። ማረሻችንን ይገዙናል፤ ገበታችንን ግን ይሸሹታል። እጃችን ያስፈራቸዋል።

አንድ ጊዜ ማንኩሳ አጠገብ ለቅሶ ልደርስ ሄጄ ጠላ በጣሳ ሰጡኝ። ጠጥቼ ስመልስ ሴትዮዋ ጣሳውን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ወሰደችና አጥሩ ላይ ሰቀለችው። የሌሎቹ ጣሳ እየታጠበ ይመለስ ነበር። የኔው እዚያው እንደተሰቀለ ቀረ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም፤ እንዲያውም «ነፍስ ይማር፣ እግዜር ይስጥልን» ብለው እስከ በር ሸኙኝ። ያ ጣሳ ግን ለዓመታት ከዓይኔ አልጠፋም።

ታዲያ እኔ ማንን ብወድ ጥሩ ነው? የዚያው አገር ልጅ ትርንጎን። ትርንጎ ለትምህርት ቡሬ መጥታ ነው የተዋወቅነው። ሽማግሌ ላክሁ። አባቷ አያ ቢያድግልኝ ሽማግሌዎቹን አስቀምጠው፣ አብልተው፣ አጠጥተው ሲያበቁ «ለቀጥቃጭ የምሰጠው ልጅ የለኝም» ብለው መለሷቸው። እኛም ቡሬ ላይ ተፈራርመን ተጋባን። ከዚያ በኋላ ሦስት ፋሲካ አለፈ። ለአማቶቼ አክፋይ ይዤ መሄድ አልቻልሁም።

አክፋይ ማለት ጾሙ ሲፈታ አማች ለአማቶቹ ይዞት የሚሄደው ድፎ ዳቦና ሙክት ነው። ወስደህ ከተቀበሉህ የቤት ልጅ ነህ። ካልተቀበሉህ ሚስትህ አጠገብህ ብትተኛም ለእነሱ ላጤ ነህ። ትርንጎ በየፋሲካው ጠዋት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ታለቅስ ነበር። እኔም ያላየሁ መስዬ በግ እገፍፋለሁ።

ይህ የምነግራችሁ ነገር የሆነው ፋሲካና ዒድ በአንድ ሳምንት የዋሉበት ዓመት ነው። ሁዳዴና ረመዳን ተደርበው ከተማው በሙሉ ጾመኛ ሆኖ ነበር፤ ቁርስ ቤቶች ዝንብ እያባረሩ ይውላሉ። ትርንጎ ነፍሰ ጡር ነበረች። የአያ ቢያድግልኝ ንስሐ አባት «ቂም ይዘህ ብትጾም ርሃብ እንጂ ጾም አይባልም» ብለው ተቆጧቸው መሰለኝ፣ አንድ ቀን አማቴ እማማ ሙሉ ደወሉ።

«አባታችሁ ለፋሲካ አክፋይ ያምጡ ብለዋል» አሉ ቀስ ብለው። ቀጥለውም «ዳቦውን ግን ልጄ በገዛ እጇ ትጋግረው ብለዋል» አሉ።

ስልኩ ሲዘጋ እኔና ትርንጎ ተያየን። ነገሩ ገብቶናል። የእናቴ እጅ፣ የእህቴ እጅ፣ የኔ እጅ አይንካው ማለታቸው ነው። አንገቴን ስደፋ ትርንጎ ሳቀች።

«ይሁን» አለች። «የኔ እጅ ሲያጥብህ፣ ሲያበላህ ነው የሚውለው። ምን ይታወቃቸዋል?»

እርሾውን ጣለች፤ ዱቄቱን ነፍታ ጥቁር አዝሙድ ጨመረችበት። ቅዳሜ ጠዋት ልታቦካ፣ ከሰዓት ልትጋግር፣ እሑድ አብረን ልንሄድ ነበር። ዓርብ፣ ስቅለት ዕለት፣ ለስግደት ልወጣ ስል ወገቧን ይዛ አገኘኋት። ገና ሁለት ሳምንት ይቀራታል። ከእህቴ ጋር በመኪና አፋፍሰን ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል አደረስናት፤ ከሰዓት በኋላ በቀዶ ጥገና ሴት ልጅ ወለደች። ሁለቱም ደኅና ናቸው ሲሉኝ ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስሁ።

ትርንጎ ከሰመመኗ እንደነቃች መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ልጇ ነው። ቀጥሎ ስለ ዳቦው ጠየቀችኝ።

«ለአባትሽ ልደውልና ልንገራቸው» አልኋት።

«እንዳትደውል!» አለች። «ከሰሙ ዘንድሮ ይቅር ይላሉ። ዘንድሮ ከቀረ ደግሞ መቼም የለም፤ አባቴን አውቀዋለሁ። የሆነ ሰው ያስጋግርልህና ይዘህ ሂድ። ከጠየቁህ ሐሙስ ምጥ ሳይጀምራት የጋገረችው ነው በል።»

እህቴን አጠገቧ ትቼ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ቡሬ ተመለስሁ። እናቴ ሩቅ ናት፤ እህቴ ሆስፒታል ናት። ዱቄቱ በገበቴ እንደተቀመጠ ነው። ከዓርብ ጀምሮ አክፍዬ፣ ማለት ፋሲካ እስኪሆን እህል ውኃ ላልቀምስ ወስኜ ስለነበር ሆዴ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል። ዱቄቱን አፍጥጬ እያየሁ ሳለ በሩ ተንኳኳ።

እትዬ ዘሃራ ናቸው። ግድግዳችን አንድ ነው፤ ቡሬ ገበያ ቅመም ይሸጣሉ። አፋቸው ከሚሸጡት በርበሬ አያንስም፤ ልባቸው ግን ማር ነው።

«አንተ! ዱቄቱ ሞተብህ እንዴ እንዲህ የተከዝህበት?»

የሆነውን ሁሉ ነገርኋቸውና «እባክዎን እርስዎ ይጋግሩልኝ» አልኋቸው።

በርጩማ ስበው ተቀመጡ። «አልጋግርም» አሉ። «ወላሂ አልጋግርም! እኔ ብጋግረው የዘሃራ ዳቦ ነው የሚሆነው። አማትህ የሸሹት እጅህን አይደል? እንግዲያው በእጅህ ጋግር።»

«እሳቸው ያሉት እኮ በትርንጎ እጅ ነው።»

«ባልና ሚስት አንድ ሥጋ ናቸው የሚሉት የናንተ ቄሶች አይደሉም? ትርንጎ አራስ ናት፤ የቀረው አካሏ አንተ ነህ። ተነሥና ታጠብ። እኔ አፌን እንጂ እጄን አላስገባም።»

እጄን በሳሙና ሦስት ጊዜ አጠብሁ። የብየዳ ጥቁረት ከጥፍር ሥር አልወጣ ብሎ በብሩሽ ስፈትግ «ይብቃህ! ቆዳህን ልትልጠው ነው?» አሉኝ። እርሾውን አፈሰስሁ፤ ለብ ያለ ውኃ ጨመርሁ፤ ዘይት ጨመርሁ። «ጨዉን ለብቻው በብርጭቆ አሟሟው፤ ኋላ ታስገባዋለህ» አሉ። አሟሟሁና መስኮቱ ላይ አስቀመጥሁት። ከዚያ ማሸት ጀመርሁ።

«ቀስ! ቀስ በል! አትቀጥቅጠው፤ ሊጥ ነው እንጂ ብረት አይደለም!»

ሁለታችንም ደነገጥን፤ እሳቸው አፋቸውን በሻሻቸው ያዙ። ከዚያ እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። በዚያ ቃል ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር።

በመሃል ስልኬ ጮኸ። እህቴ ናት። «ልጅቱ ጡት ያዘች! ስታለቅስ ጎረቤት ክፍል ድረስ ትሰማለች!» እጄ በሊጥ እንደተለወሰ ግቢው ውስጥ እየዞርሁ አወራሁ። ስመለስ «ጠባች!» ብዬ ጮኽሁ። እትዬ ዘሃራ «አልሐምዱሊላህ!» ብለው ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። ሊጡን አለስልሼ ስጨርስ እንደ ልማዳቸው «በል በጣትህ ጫፍ ቅመስልኝ» አሉኝ።

«አክፍያለሁ እኮ፣ እትዬ። እርስዎ ይቅመሱ።»

«እኔስ ጾመኛ አይደለሁም?» ትንሽ አሰቡና «በል፣ በአላህ ተማምነን እንጋግረዋለን። አንተ በስመ አብ በል፣ እኔ ቢስሚላህ እላለሁ» አሉ።

ሊጡ ኩፍ ሲል ኮባ ቅጠል አንጥፌ ራሴ በሠራሁት የብረት መጋገሪያ ላይ ገለበጥሁት፤ በቅጠል ሸፍኜ ክዳኑን ገጠምሁ፤ ፍሙን ከላይም ከታችም አደረግሁ። እትዬ ዘሃራ «ከላይ አብዛው» አሉ።

«አይሆንም፣ እትዬ» አልሁ። ራሴን ገርሞኛል። «ብረቱን ይዩት፤ መልኩ ተለውጧል። ፍሙን ከላይ ቀንሰን ከታች እናቆየው።»

ክዳኑን አዩ፤ እኔን አዩኝ። «በል እሳቱን ላንተ ትቼዋለሁ» አሉ። እሳት የሚያውቅ የሦስት ትውልድ ልጅ መሆኔ በዚያች ሰዓት አኮራኝ።

ዳቦው ሲወጣ መልኩ ቀይ ዳማ፣ ዙሪያው እኩል የበሰለ ነበር። ሁለት የራበን ሰዎች ቆመን አየነው። እትዬ ዘሃራ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው «የመግሪብ አዛን እስኪሰማ ወደ ቤቴ ልሂድ፤ ይህ ዳቦ ጾሜን ሊያስፈታኝ ነው» ብለው ሮጡ።

ሌሊቱን ቅዳሴ አስቀድሼ፣ ጎረቤት ጾም ፈትቼ፣ እሑድ ጠዋት መንገድ ጀመርሁ። አክፋይ ሳይቆረስ ሙሉውን ነው የሚደርሰው፤ ስለዚህ ከዳቦው ፍርፋሪ እንኳ አልቀመስሁም። እስከ ማንኩሳ በመኪና፣ ከዚያ በእግሬ ሄድሁ። ዳቦውን በነጭ ጨርቅ አስሬ ተሸክሜ ሙክቱን እጎትታለሁ። ሙክቱ ጥሩ አማች አልነበረም፤ በየቁጥቋጦው እየቆመ ያስለምነኛል። እኔም አላዳፋሁትም፤ እውነቱን ለመናገር መድረሱን ፈርቼዋለሁ።

አያ ቢያድግልኝ በረንዳው ላይ ከዐሥር የማያንሱ ዘመዶቻቸው ጋር ተቀምጠዋል። ረጅም፣ ዓይናቸው የማይርገበገብ ሽማግሌ ናቸው። አጠገባቸው ታላቅ ወንድማቸው አያ ጫኔ አሉ። ጉልበት ስሜ «እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ» አልሁ።

«እንኳን አብሮ አደረሰን። ልጄስ?»

«ወልዳለች፣ አያ። ዓርብ ዕለት ፍኖተ ሰላም። ሴት ልጅ። ሁለቱም ደኅና ናቸው።»

እማማ ሙሉ ከጓዳ ወጥተው እልል አሉ፤ ሴቶቹ ተከተሏቸው። ተሳሳምን፣ ተመራረቅን። በደስታው መሃል ዓርብ የወለደች ሴት ቅዳሜ እንደማትጋግር ልብ ያለ ሰው አልነበረም። ዳቦው መሃል ላይ ተቀመጠ። «አየህ የልጄን እጅ!» አሉ አያ ቢያድግልኝ ወደ ወንድማቸው ዞረው። አያ ጫኔም «ባለሙያ ናት፤ ዙሪያውን አንድ ዓይነት አብስላዋለች» አሉ። አቡነ ዘበሰማያት ተደገመ፤ አያ ቢያድግልኝ በቢላ አማትበው ቆረሱት፤ ለሁሉም አደሉ። ለኔም ደረሰኝ። ከዚያ የመጀመሪያውን ጉርሻ ጎረሱ።

ማላመጣቸው ቀስ አለ። ቆመ።

«ጨው የለውም» አሉ።

ያኔ መስኮቱ ላይ የተቀመጠው የጨው ብርጭቆ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። እኔ ስልክ ሳወራ እትዬ ዘሃራ ጨምረውታል ብያለሁ፤ እሳቸው ደግሞ እኔ ጨምሬዋለሁ ብለዋል። የቀመሰው ሰው የለም።

«ትርንጎ ከሰባት ዓመቷ ጀምራ ጋግራልኛለች። አንድ ቀን ጨው ረስታ አታውቅም» አሉ አያ ቢያድግልኝ። ቁራሹን በእጃቸው እንደያዙ አዩኝ። «መቼ ነው የወለደች ያልኸኝ?»

«ዓርብ።»

«ታዲያ ይህን ዳቦ ማን ጋገረው?»

ትርንጎ የሰጠችኝ ውሸት ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። «ሐሙስ፣ ምጡ አጣድፏት ጨው ረሳች» ብል ይበቃል። ያምኑኛል፤ በልተው ይመርቁኛል፤ ትርንጎም በሚቀጥለው ፋሲካ አታለቅስም። አፌን ከፈትሁ። ግን አጥሩ ላይ የተሰቀለው ጣሳ ታየኝ፤ ዓርብ ያቀፍኋት ልጄም ታየችኝ።

«እኔ ነኝ፣ አያ» አልሁ። «በዚህ እጄ ነው ያቦካሁት፤ በዚህ እጄ ነው የጋገርሁት።» ሁለት እጄን ዘረጋሁ። ጥፍሮቼ ሥር አሁንም ጥቁር ነበር።

አያ ጫኔ ቁራሹን መሶቡ ላይ መልሰው ጣታቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። አንዲት ሴት የደረሳትን ቁራሽ አስቀምጣ ወደ ደጅ ወጣች። እኔ ግን ከጀመርሁ ወዲያ ማቆም አልቻልሁም።

«ጎረቤቴ እትዬ ዘሃራ በቃል እየነገሩኝ ነው የሠራሁት። እሳቸው ረመዳን ላይ ነበሩ፣ እኔ አክፍዬ ነበር። ቀማሽ አጥተን ጨው ረሳን። የመጀመሪያው ቀማሽ እርስዎ ነዎት። ልዋሽዎት እችል ነበር፤ ልጅዎም ዋሽ ብላኝ ነበር። ግን ዓርብ የተወለደችው የኔም የእርስዎም ናት። የቀጥቃጭም የቢያድግልኝም ደም አላት። ነገ እዚህ ስትመጣ በየትኛው ጣሳ እንደምትጠጣ አሁን ይንገሩኝና ልሂድ።»

መልስ የሰጡት እማማ ሙሉ ናቸው። ሦስት ዓመት ሙሉ ዝም ያሉ ሴት ናቸው። ባላቸው ፊት ቆመው፣ ድምፃቸውን ሳይጨምሩ ተናገሩ።

«እርስዎ ዕድሜ ልክዎን በቀጥቃጭ ማረሻ አርሰው አብልተውኛል። እኔም በቀጥቃጭ ቢላ ከትፌ አብልቼዎታለሁ። አንድም ቀን አልታመምን። ዛሬ የሚያመን ዳቦው ነው?»

አያ ቢያድግልኝ መሬት መሬት አዩ። ሙክቱ ደጅ ላይ ይጮኻል።

«ጨው አምጪ» አሉ በመጨረሻ።

እማማ ሙሉ በትንሽ ሳህን የተፈጨ ጨው አመጡ። አያ ቢያድግልኝ ቆንጥረው የጀመሩት ቁራሽ ላይ ነሰነሱና ጎረሱ። አላመጡ። ዋጡ። ሌላ ቆርሰው፣ ጨው ነስንሰው ወደኔ ዘረጉ፤ አጎረሱኝ። አላምጬ ዋጥሁት። እሳቸው ግን አልጨረሱም።

«በል አንተም በዚያ እጅህ አጉርሰኝ» አሉና አፋቸውን ከፈቱ።

አጎረስኋቸው። እልልታው ከበረንዳው እስከ ማዶ ሳይሰማ አልቀረም። አያ ጫኔ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ፤ ሁሉም ሰው በአንድ ቀን አይለወጥም። ሌሎቹ ግን ሳህኑን እየተቀባበሉ፣ ጨው እየነሰነሱ ዳቦውን እስከ ፍርፋሪው በሉት።

«ዳቦው ከናንተ፣ ጨዉ ከኛ ይሁን» አሉ አያ ቢያድግልኝ እጄን ይዘው። «ነገ በጠዋት ተነሡ፣ ልጄን ልይ።»

በማግስቱ አማቶቼ ለአራሷ የገንፎ ዱቄትና ቅቤ ይዘው ፍኖተ ሰላም ገቡ። ትርንጎ አባቷን በበሩ ስታይ «ሐሙስ ነው የጋገርሁት!» ብላ ጮኸች፤ ሳቃችን ነርሷን አስቆጣ። ዓርብ ዒድ ሆነ። ለእትዬ ዘሃራ በራሴ እጅ ድፎ ዳቦ ጋግሬ፣ ቡሬ የመጡትን አማቴን አያ ቢያድግልኝን አስከትዬ ደጃቸው ሄድሁ። ገና ሳይቀበሉኝ «ጨው አለው?» አሉኝ። አያ ቢያድግልኝ «እኔ ቀምሼዋለሁ፤ አለው» ብለው መለሱላቸው። ሁለቱ አዛውንቶች ቴምርና ዳቦ እየበሉ እኔን ሲያሙኝ ዋሉ።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ በየቤታችሁ የማይነካ ሳህን፣ አብራችሁት የማትበሉት ሰው ይኖር ይሆናል። እኔ ልመክራችሁ አልችልም፤ የማውቀው ብረትና እሳት ነው። ግን ያን ቀን ዋሽቼ ቢሆን ኖሮ በየዓመቱ በሚስቴ እጅ ስም እየተከበርሁ፣ በራሴ እጅ እያፈርሁ እኖር ነበር። የረሳሁት ጨው አዳነኝ።

ከዚያ ወዲህ በየፋሲካው የአክፋዩን ዳቦ የምጋግረው እኔ ነኝ። ጨው ሆን ብዬ አላስገባበትም። አያ ቢያድግልኝ የጨዉን ሳህን ይዘው በር ላይ ይጠብቁኛል። ዘንድሮ ልጄ ከፊቴ እየሮጠች ቀድማኝ ደረሰች፤ መንገዱ አስጠምቷት ነበርና ውኃ ጠየቀች። እሳቸው በራሳቸው ዋንጫ ቀድተው ሰጧት። ግማሹን ጠጥታ መለሰችላቸው። ዋንጫውን አላጠቡትም፤ የተረፋትን ጠጡት።